ነጩ ዱቄትና የመጽሐፍ ዕድሜ

አንባቢዎች ሆይ፤ ስንት መቶ ዓመት የኖረ የብራና መጽሐፍ ደኅና ሆኖ ሲገለጥ፥ ከእርሱ እጅግ ዘግይቶ የታተመ የወረቀት መጽሐፍ ግን ቢጫ ሆኖ በጣት መካከል ሲፈረፈር አይታችሁ ይሆናል። ጥፋቱ የአሲድ ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀለም እንዳይሰርግበት ወረቀቱ በአሉምና በዛፍ ሙጫ ይሠራ ነበርና፥ በውስጡ የቀረው አሲድ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

አሲዱን የሚያበርደው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ይኸውም ያው የምናውቀው የኖራ ድንጋይ ነው። ታዲያ ፈጭቶ መጨመር አይበቃምን? ይበቃል፤ ዳሩ ግን ወፍጮ ድንጋዩን ይሰባብረዋል እንጂ መልክ አይሰጠውም። መልኩን እንደ ልቡ ለማውጣት የፈለገ ሰው ድንጋዩን አፍርሶ እንደገና መሥራት አለበት። ንጹሕ የሆነ 100 ኪሎ የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ በሚያህል ሙቀት ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል፤ 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል። ኖራው ውሃ ሲነካው እየፈላ ይፈርስና ወተት ይመስላል። በዚህ ወተት ውስጥ ጋዙ ተመልሶ ሲነፋበት ያው ካልሲየም ካርቦኔት ደቃቅ ሆኖ ይወለዳል።

ይህን በክፍል ውስጥ በትንፋሽ ማሳየት ይቻላል። አንድ ቀን ግን ተማሪው በቱቦ የጠራውን የኖራ ውሃ ሲነፋ፥ ከደፈረሰም በኋላ አላቆመም፤ ውሃው ተመልሶ ጠራና ልጆቹ ሳቁብኝ። ጋዙ ሲበዛ ዝቃጩን መልሶ እንደሚያሟሟው ለማስረዳት የቀረውን ሰዓት ፈጀሁ።

በፋብሪካም ማቆሚያውን ማወቅ ግድ ነው፤ ከዚህ የሚበልጠው ግን ሙቀቱ ነው። የኖራው ወተት ቀዝቀዝ ሲል ፍሬው ደቃቅ ይሆናል። ሞቅ ሲል ጫፋቸው የሾለ ፍሬዎች እንደ አበባ ተሰብስበው ያድጋሉ። ይበልጥ ሲሞቅና ጋዙ በዝግታ ሲገባ ደግሞ መርፌ የሚመስለው አራጎናይት ሊወለድ ይችላል። የኖራው ብዛት፥ የማማሰያው ፍጥነት፥ ጥቂት ስኳር እንኳ መልኩን ይለውጠዋል። የሚያስደንቀው፥ ሁሉም በኬሚስት ዓይን አንድ ነገር መሆናቸው ነው!

ለጽሕፈት ወረቀት አበባ መሳዩ ይወደዳል፤ በሾሉት ጫፎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ብርሃኑን ስለሚበትን፥ በማዶ ያለው ጽሕፈት አይታይም።

ይሁን እንጂ ዱቄቱ በአሲድ ይሟሟልና፥ አስቀድሞ የወረቀቱ አሠራር መለወጥ ነበረበት። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በዊስኮንሲን፥ የዱቄቱ ፋብሪካ ከወረቀት ፋብሪካው አጠገብ ተተከለ፤ ጋዙንም የወሰደው ከጎረቤቱ የጭስ ማውጫ ነበር።