የጀርመን የመጸው ቢራ በአሜሪካ አጠማመቅ፦ ከብርጭቆው ስለ ገብስ የምንማረው

1. መግቢያ

የቢራ ገብስ የሚያመርት ገበሬ የድካሙን ውጤት የሚያየው በሚዛን ላይ ነው። ምርቱ ከሚዛን ከወረደ በኋላ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚሆን የሚያውቅበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በመሆኑም ፍሬው ለዓይን ያማረ ሆኖ ሳለ «ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ነው» ወይም «የመብቀል ኃይሉ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ሲመለስበት የተበደለ ይመስለዋል። ማኅበሩም ለማጓጓዣ ያወጣውን ገንዘብ ይከስራል። ከዚህ በኋላ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ለልማት ሠራተኛው ነው።

ይህን ጥያቄ በቁጥር ብቻ መመለስ አዳጋች ሆኖ ስላገኘነው፣ በዚህ ጽሑፍ ከመጨረሻው ከመጠጡ ተነሥተን ወደ ማሳው ለመመለስ ሞክረናል። ለዚሁ የመረጥነው በጀርመን አገር ሜርትሰን የሚባለውን የመጸው ቢራ፣ በተለይም በአሜሪካ ጠማቂዎች እጅ የተሠራውን ዓይነት ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በዚህ ቢራ ውስጥ ፍራፍሬ ወይም ቅመም አይገባም፤ መራራነቱም መጠነኛ ነው። ጣዕሙ በአብዛኛው የብቅል ጣዕም ስለሆነ የገብሱን ጠባይ ለማስረዳት ይመቻል።

2. የቢራው አመጣጥ

በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1553 የወጣ ደንብ ከሚያዝያ 23 እስከ መስከረም 29 ባለው ጊዜ ቢራ እንዳይጠመቅ ይከለክል ነበር። በበጋው ሙቀት የሚጠመቅ ቢራ ቶሎ ይበላሽ ስለነበር ነው። ስለሆነም ጠማቂዎች ክረምቱ ሳያልቅ፣ በመጋቢት ወር፣ ጠንከር ያለ ቢራ ጠምቀው በቀዝቃዛ የምድር ቤት ያስቀምጡ ነበር። የተረፈውም በመጸው ወራት ይጠጣ ነበር። ሜርትሰን የሚለው ስም የመጣው «ሜርትስ» ከሚለው የጀርመንኛ የወር ስም ነው። «ላገር» የሚለው ቃልም ማከማቻ ማለት ነው።

የላገር እርሾ ከተራው የቢራ እርሾ ይለያል። ሥራውን የሚሠራው ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ሲሆን፣ ከፈላ በኋላም ቢራው ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ቢራው ይጠልላል፣ ጣዕሙም ይለዝባል።

እ.ኤ.አ. በ1841 በሙኒክ ከተማ ጋብሪየል ዜድልማየር፣ በቪየና አካባቢ ደግሞ አንቶን ድሬኸር፣ የእንግሊዝን የብቅል አደራረቅ ዘዴ አጥንተው ከተመለሱ በኋላ የመዳብ መልክ ያለውን ቢራ ለገበያ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1810 በተካሄደ የልዑል ሠርግ ምክንያት በተጀመረው የሙኒክ የኦክቶበርፌስት በዓልም ከ1872 ጀምሮ ይኸው ዓይነት ቢራ ይቀርብ ነበር። ዛሬ በሙኒክ የበዓሉ ድንኳኖች የሚቀዳው ከሜርትሰን የነጣ ወርቃማ ቢራ ነው። የቀድሞው የመዳብ መልክ ግን በአሜሪካ ጸንቶ ቀርቷል።

3. ወደ አሜሪካ የተሻገረው ቢራ

የአሜሪካን የቢራ ፋብሪካዎች በብዛት ያቋቋሙት ከጀርመን የሄዱ ስደተኞች ነበሩ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ በሕግ በመከልከሉ ብዙዎቹ ተዘጉ። ከዚያም በኋላ ገበያውን የያዙት ትልልቅ ፋብሪካዎች በብቅል ላይ በቆሎ ወይም ሩዝ እየጨመሩ ነጣ ያለና ቀለል ያለ ቢራ መሥራትን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1978 በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌደራል ሕግ ሲፈቀድ የአነስተኛ ጠማቂዎች እንቅስቃሴ ተስፋፋ።

ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የቦስተን ቢራ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ ሳሙኤል አዳምስ ኦክቶበርፌስት የተባለውን ቢራ ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ ያወጣል። የአልኮል መጠኑ 5.3 በመቶ ነው። የሚሠራውም ባለ ሁለት ረድፍ ገብስ ከሚሰጠው ነጭ ብቅል፣ ከሙኒክ ብቅልና ከካራሜል ብቅል ሲሆን፣ እንደ እኛ ጌሾ መራራነት የሚሰጠው ሆፕ ከጀርመን የሚመጣ ዓይነት ነው።

4. አንድ ገብስ፣ ሦስት ብቅል

ሦስቱም ብቅሎች የሚጀምሩት በአንድ መንገድ ነው። ገብሱ ሁለት ቀን ገደማ እየተነከረና እየተጠነፈፈ እርጥበቱ ወደ 45 በመቶ ይደርሳል። ከዚያም ከ4 እስከ 5 ቀን ይበቅላል። ፍሬው ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች የስታርቹን ግድግዳ ያፈርሳሉ። ልዩነት የሚመጣው በማድረቁ ላይ ነው።

ሀ/ ነጭ ብቅል፦ መጨረሻ ላይ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይደርቃል። ኢንዛይሙ ስለማይሞት ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው በዋነኛነት ይህ ነው።

ለ/ የሙኒክ ብቅል፦ ከ100 ዲግሪ በላይ ባለው ሙቀት ይደርቃል። የፕሮቲኑ ክፍልፋይና ስኳሩ በሙቀት ሲዋሐዱ የዳቦ ቅርፊት ቀለምና ሽታ ይሰጣሉ።

ሐ/ ካራሜል ብቅል፦ ገና እርጥብ እንዳለ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ስለሚሞቅ ስታርቹ እዚያው በፍሬው ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ከዚያም ይቆላል። ከስኳሩ ከፊሉን እርሾ ሊበላው ስለማይችል በቢራው ውስጥ ጣፋጭነት ይቀራል።

ይህ ነገር ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። አሻሮው ሲበዛበት ወይም ሲያርበት ጠላው እንደሚጠቁር፣ ሽታውም እንደሚለወጥ ያውቁታል።

5. የቅምሻው አካሄድ

አንድ ባልደረባችን ከአሜሪካ ሲመለስ ያመጣውን ይህን የቦስተን ቢራ ከአንድ የጀርመን ሜርትሰን ጋር ጎን ለጎን አድርገን አምስት ሆነን ቀመስን። ቅምሻ ለሥራ ስለሆነ መጠኑ አነስተኛ፣ አካሄዱም ሥርዓት ያለው መሆን ይገባዋል። እኛ የተከተልነው እንደሚከተለው ነው።

- ብርጭቆዎቹን በሙቅ ውሃ ደጋግመን አለቀለቅን። የሳሙናና የቅባት ቅሪት አረፋን ያጠፋል።
- ቢራውን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ አቀረብን። ከዚህ በላይ ከቀዘቀዘ ሽታው ይደበቃል።
- ለእያንዳንዱ ሰው ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ቀዳን። ስሙን ሸፍነን በቁጥር ለየነው።
- በቅድሚያ መልኩንና አረፋውን አየን፤ ቀጥሎ አሸተትን፤ በመጨረሻም ቀመስን። በየመካከሉ ውሃ ተጎነጨን፣ ነጭ ዳቦም ቀመስን።
- እያንዳንዳችን ለየብቻችን ከጻፍን በኋላ ተነጋገርን።

6. ያገኘነው ውጤት

የአሜሪካው ቢራ መልኩ እንደ አዲስ መዳብ ቀላ ያለ፣ የጠለለ፣ አረፋውም ነጣ ብሎ ክሬም የሚመስል ነው። በመጀመሪያ የሚሸተው የተቃጠለ ስኳርና የተጠበሰ ዳቦ ነው። አፍ ሲገባ ጣፋጭነቱ ይቀድማል፤ ወፈር ይላል። የሆፑ መራራነት ዘግይቶ ይመጣና ጣፋጩን ያስተካክለዋል።

የጀርመኑም ቢራ የዳቦ ቅርፊት ሽታ አለው። ነገር ግን የተቃጠለ ስኳር ሽታ የለውም። ገና ሲቀመስ ጣፋጭ መስሎ ሲዋጥ ግን ደረቅ ሆኖ ያልቃል። ልዩነቱ የመጣው በዋነኛነት ከካራሜሉ ብቅል ነው ብለን እናምናለን። ከአምስታችን ሦስቱ የጀርመኑን፣ ሁለቱ የአሜሪካኑን መረጡ። ይህ የምርጫ ጉዳይ ስለሆነ አላከራከረንም።

ሁላችንም የተስማማንበት ግን አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ቢራዎች ንጹሕ ናቸው፤ የሻገተ ወይም የጥሬ እህል ጣዕም የለባቸውም። እንዲህ ባለ ቢራ ውስጥ የብቅል ጉድለት መሸሸጊያ የለውም። ጠማቂው ብቅሉን ቢያሻው በዝቅተኛ፣ ቢያሻው በከፍተኛ ሙቀት ሊያደርቅ ይችላል፤ ያልበቀለን ፍሬ ግን ብቅል ሊያደርገው አይችልም።

7. በጥርስ የሚደረግ ፈተና

ይህንኑ ለማረጋገጥ ከሁለት ገብሶች ጥቂት ጥቂት ብቅል አዘጋጀን። አንደኛው በደንብ ደርቆ የተቀመጠ ነው። ሁለተኛው እኛው ራሳችን በቸልታ በእርጥብ ወለል ላይ ካስቀመጥነው ከረጢት የተወሰደ ነው። ሁለቱ ገብሶች በዓይን ሲታዩ ብዙም አይለያዩም ነበር።

ብቅሎቹን ስናኝካቸው የመጀመሪያው እንደ ጠመኔ ወዲያው ፈረሰ፤ ቀስ እያለም ጣፈጠ። በሁለተኛው ውስጥ ግን ብዙ ፍሬዎች እንደ ጥሬ ገብስ ጥርስ ላይ ጠጠሩ፤ የሻገተ ሽታም ነበራቸው። እንዲህ ያለው ፍሬ ሲፈጭ ስታርቹን በቀላሉ አይለቅም፤ የብቅሉ ውሃ ሲጣራ ይዘገያል፤ ቢራውም ሊደፈርስ ይችላል።

የልማት ሠራተኞች ይህን ፈተና በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቢያሳዩ መልካም ነው። ቢራ ስለማያስፈልገው በሃይማኖት ወይም በሌላ ምክንያት አልኮል የማይጠጡ አባሎችም ሊሳተፉበት ይችላሉ። የሻገተ ፍሬ ግን ይሸተታል እንጂ አይዋጥም፤ የታኘከውም ይተፋ።

8. ከብርጭቆው ወደ ማሳው

ከአንድ ኩንታል የቢራ ገብስ ወደ 80 ኪሎ ግራም ብቅል ይገኛል። ይህም እንዲህ ላለ ጠንከር ያለ ቢራ 400 ሊትር ገደማ ለመጥመቅ ይበቃል። ስለሆነም አንድ የተበላሸ ኩንታል ብዙ ቢራ ያበላሻል፤ ፋብሪካው የሚጠነቀቀውም ለዚህ ነው። በአርሲና በባሌ ደጋዎችም ሆነ በሌላ ስፍራ የቢራ ገብስ የሚያመርቱ ማኅበራት የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያስቡባቸው እናሳስባለን።

ሀ/ ፕሮቲን፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከ9 እስከ 12 በመቶ ነው። ዩሪያ ከመጠን በላይ ወይም ዘግይቶ ሲጨመር ፕሮቲኑ ይጨምራል፤ በዚያው መጠን ስታርቹ ይቀንሳል። ለምግብ ገብስ የሚበጀው ለቢራ ገብስ ላይበጅ ይችላል።

ለ/ አንድ ዝርያ፦ ሆልከርን ከሌላ ዝርያ ጋር መደባለቅ አይገባም። ዝርያዎች ውሃ የሚጠጡበት ፍጥነት ስለሚለያይ እኩል አይበቅሉም።

ሐ/ ውቂያ፦ የተሰበረና የተላጠ ፍሬ በአግባቡ አይበቅልም፤ ሻጋታም ይስባል። በማሽን ሲወቃ ፍጥነቱን መቀነስ ያስፈልጋል።

መ/ ማከማቸት፦ እርጥበቱ ከ13 በመቶ እንዳይበልጥ በደንብ ይድረቅ። ከረጢቱ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ሠ/ የመብቀል ፈተና፦ ሳይመርጡ 100 ፍሬ ቆጥሮ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ላይ መደርደርና በጥላ ስፍራ 3 ቀን ማቆየት ነው። ጨርቁ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥር። ከ95 በላይ ከበቀለ መልካም ነው። አዲስ የታጨደ ገብስ ግን ሕያው ሆኖ ሳለ ለጥቂት ሳምንታት በእንቅልፍ ላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ በመጀመሪያው ፈተና ካልበቀለ ሞቷል ብሎ መፍረድ አይገባም። ከሳምንታት በኋላ መድገም ያስፈልጋል።

9. ማጠቃለያ

በሙኒክም ሆነ በቦስተን የሚጠመቀው የመጸው ቢራ መልኩና ጣፋጭነቱ በጠማቂው ምርጫ ይለያያል። መሠረቱ ግን አንድ ነው፤ እኩል የሚበቅል፣ ንጹሕ፣ ሕያው ገብስ ነው። ማኅበራት መኪና ከመከራየታቸው በፊት ከላይ የተገለጸውን የ3 ቀን ፈተና ቢያደርጉ በፋብሪካው በር ላይ ከሚደርሰው ኪሳራ ብዙውን ሊያስቀሩ ይችላሉ። የሚያስፈልገውም አንድ ቁራጭ ጨርቅ፣ ጥቂት ውሃና 100 ፍሬ ገብስ ብቻ ነው።