ያገለገለው ኤክስ ዋን ካርቦን ለማን ይበቃል?

ቲንክፓድ ኤክስ ዋን ካርቦን አዲስ ሳለ የሥራ ኃላፊዎች ላፕቶፕ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች የሠራተኞቻቸውን ኮምፒውተር በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቀይሩ፣ ብዙው ገና ጉልበቱ ሳያልቅ ገበያ ይወጣል። በነጋዴ እጅም ሆነ በዘመድ ሻንጣ አዲስ አበባ ይደርስና «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ ለሽያጭ ይቀርባል። ጥቁር፣ ስስና ቀላል ስለሆነ ዓይን ይስባል። ለተማሪና ለጀማሪ ሠራተኛ ግን ዋጋው የወራት ቁጠባ ነውና ከመልኩ አልፎ ማወቅ ያስፈልጋል።

አይቢኤም የመጀመሪያውን ቲንክፓድ ላፕቶፕ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የቻይናው ሌኖቮ በ2005 የአይቢኤምን የግል ኮምፒውተር ክፍል ሲገዛ ስሙም አብሮ ተሻገረ። ኤክስ ዋን ካርቦን በ2012 ተጨመረ። ካርቦን የተባለው አካሉ በከፊል ከካርቦን ፋይበር ስለሚሠራ ነው፤ ጥንካሬውን ሳያጣ ክብደቱ የቀነሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። የ2017ቱና የ2018ቱ ሞዴሎች ባለ 14 ኢንች ስክሪን ሆነው 1.13 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ኪቦርዱ ብዙ ለሚጽፍ ሰው ይመቻል። በጂ፣ በኤችና በቢ ቁልፎች መካከል ያለችው ቀይ ነጥብ ደግሞ እጅን ከኪቦርዱ ሳያነሱ የማውሱን ቀስት ለማንቀሳቀስ ታገለግላለች።

ገዢን የሚያደናግሩት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፦ የ2017ቱ አምስተኛው ካርቦንና የ2018ቱ ስድስተኛው። ጎን ለጎን ቢቀመጡ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ልዩነታቸው ከውስጥ ነው። በአምስተኛው ላይ በብዛት የሚገኘው ኮር አይ ፋይቭ 7200ዩ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ብቻ አለው። በስድስተኛው ላይ በብዛት የሚገኘው 8250ዩ ግን አራት አለው። ደብዳቤ ሲጽፉ ልዩነቱ አይታወቅም። ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ ከፍተው፣ ኤክሴል እየሠሩ፣ በዚያው ላይ የዙም ስብሰባ ሲገቡ ግን የመጀመሪያው ይጎትታል፤ ሁለተኛው ይችለዋል።

ከፍጥነቱ የሚበልጥ ሌላ ልዩነትም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው። ስለዚህ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ያለው ስድስተኛው ካርቦን ይገባል፤ ሰባተኛ ጄኔሬሽን ያለው አምስተኛው በአንድ ዓመት ልዩነት ውጭ ቀረ። በአቋራጭ የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። በላፕቶፑ የባንክ ሒሳቡን የሚያንቀሳቅስ ሰው ይህን አቅልሎ ማየት የለበትም።

ነጋዴው «ሰባተኛ ጄኔሬሽን ነው» ሲል ላፕቶፑን ይሁን ፕሮሰሰሩን ማጣራት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሰባተኛው ካርቦን ስምንተኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ፕሮሰሰር አለው፤ ሰባተኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር ያለው ግን አምስተኛው ካርቦን ነው። ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይገኛል። አራት አሃዝ ያለው የሞዴል ቁጥር በ7 ከጀመረ ሰባተኛ፣ በ8 ከጀመረ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ራሙንም ይመልከቱ። የእነዚህ ላፕቶፖች ራም ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም። 8 ጊጋባይት ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ለተራ የቢሮ ሥራ ይበቃል። ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚከፍት ሰው ግን ከአሁኑ 16 ይፈልግ። ማከማቻው፣ ማለትም ኤስኤስዲው፣ ጠበበኝ ቢባል በሌላ ይቀየራል፤ ባትሪውም እንደዚሁ። ስለዚህ በትንሽ ኤስኤስዲና በደከመ ባትሪ ዋጋ ያስቀንሱ እንጂ ዕቃውን አይጣሉት፤ በፕሮሰሰርና በራም ግን አይደራደሩ።

ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ በግምት መናገር አያስፈልግም። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሪፖርቱ ላይ «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የእነዚህ ሞዴሎች ባትሪ ሲሠራ 57,000 ሚሊዋት ሰዓት ነው። አሁን የሚይዘው 34,000 ከሆነ፣ የቀረው 60 በመቶ ገደማ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ደስ የሚለው፣ ሁለቱም በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ስለሚደረጉ በቂ ዋት የሚሰጥ ፓወር ባንክ ይሞላቸዋል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ። አንደኛ፣ ቻርጀሩን ሁለቱም የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች ላይ በየተራ ይሰኩ። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በወጡ በርካታ የቲንክፓድ ሞዴሎች ላይ ይህን ቀዳዳ ሊያበላሽ የሚችል የፈርምዌር ችግር ተገኝቶ፣ ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቶለታል፤ ማስተካከያው ሳይጫንለት የቆየ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያበሩ ኤፍ 1ን እየተጫኑ ባዮስ ውስጥ ይግቡ። ፓስዎርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው አይግዙ፤ የቀድሞው ድርጅት ቁልፍ አልተነሣለትም ማለት ነው፤ ማስነሣቱም ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ለማን ይበቃል? የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያዘጋጅ ተማሪ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለአስተማሪ፣ በፒችትሪ ለሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ስድስተኛው ካርቦን ገና ዓመታት ያገለግላል። አምስተኛውም ሊኑክስ ለመልመድ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ኡቡንቱና ሚንት በነፃ ይገኛሉ፣ ማሻሻያም ይደርሳቸዋል። በሬቪት ሕንፃ ለሚነድፍ የአርክቴክቸር ተማሪ፣ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ከባድ ጌም ለሚጫወት ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ የላቸውም። እንዲህ ላለው ሥራ ክብደቱን ችሎ ወፈር ያለ ላፕቶፕ መግዛት ይሻላል።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት በየቀኑ የሚከፍቷቸውን ፕሮግራሞች በወረቀት ይጻፉ፤ ዊንዶውስ የግድ የሚሉትንም ለይተው ምልክት ያድርጉባቸው። የሚገዙትን ላፕቶፕ የሚወስነው ይህ ዝርዝር ነው።