የአንድ ደቂቃ ቆጠራ

ጤና ኬላ ውስጥ ራጅ የለም። ማይክሮስኮፕም ሐኪምም የለም። በጎጃም፣ በሰከላ፣ በቡሬ ዙሪያ ወይም በጃቢ ጠህናን ገጠር ሳልና ትኩሳት ይዞት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ ሕጻን የሚያገኘው አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የሕክምና መመሪያና ትንፋሽ መቁጠሪያ ሰዓት ነው። ተራው ጉንፋን ከሳንባ ምች የሚለየው በእነዚህ ነው። ለከተማ ሰው ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ የኢትዮጵያ ገጠር ሕጻናት ሕክምና ግን የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ባለሙያዋ አስቀድማ እናትየዋን ትጠይቃለች። ይጠባል ወይስ እምቢ ብሏል? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል? አንቀጥቅጦታል? ራሷም ልጁ ፈዝዞ ወይም ራሱን ስቶ እንደሆነ ታያለች። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ነገሩ አስጊ ነውና ልጁ የመጀመሪያ መድኃኒቱን ወስዶ በሪፈር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይላካል። ከሌለ ቆጠራው ይጀመራል። እናትየዋ ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች፤ ጋቢው ይገለጣል፣ ልብሱ እስከ ብብቱ ይሰበሰባል። የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ አይቆጠርም፤ እስኪረጋጋ ይጠበቃል። እየጠባ ከሆነም ጡቱን እስኪለቅ። ከዚያ የባለሙያዋ ዓይን ከሆዱና ከደረቱ ሳይነቀል፣ ሰዓቱ ደቂቃው መሙላቱን በድምፅ እስኪያሳውቅ ድረስ ትቆጥራለች። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሠራም፤ የሕጻን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል።

ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለ ልጅ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። በምች የተያዘ ሳንባ የአየር ከረጢቶቹ ፈሳሽና መግል ይቋጥራሉ፣ ሳንባውም ይደድራል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር ያንሳል፣ ሰውነት ደግሞ ጉድለቱን በብዛት ለማካካስ ይጣደፋል። በሽታው ሲጠና ልጁ አየር ሲያስገባ የታችኛው ደረቱ ወደ ውጭ በመነፋት ፈንታ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ይህን ብዙ እናቶች ከባለሙያ ቀድመው ያዩታል።

ዘዴው የተወለደው ራጅ በማይደረስበት አገር ነው። የሕጻናት ሐኪሙ ፍራንክ ሻንና ባልደረቦቹ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ ልጆችን እየመረመሩ፣ ፈጣን ትንፋሽና የደረት ስርጉድታ የሳንባ ምችን ለመለየት እንደሚበቁ እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተሙ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ይህን ከወባ፣ ከተቅማጥ፣ ከኩፍኝና ከምግብ እጥረት ጋር በአንድ መመሪያ ሲያዋህዱት ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ ጎንደር ነበር፤ በዚያ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች አሠራር ተገምግሞ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሟል። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት መመሪያ ከጣና ማዶ መፈተኑን የሚያውቅ ጎጃሜ ጥቂት ይመስላል፤ ሊነገር ይገባዋል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 5,000 ያህል ሕዝብ ላለው ለእያንዳንዱ ቀበሌ፣ ከ10ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶችን መደበ። መጀመሪያ ላይ ሥራቸው በአብዛኛው መከላከል ነበር፦ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ ቤተሰብ ምጣኔ። የሳንባ ምች ያለበትን ልጅ ቢለዩም ፀረ ባክቴሪያ መስጠት አልተፈቀደላቸውም፤ መድኃኒቱ ያለ አግባብ ይሰጣል የሚል ሥጋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ፖሊሲው ተለወጠ። ሥጋቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ መልሱም ያው ቆጠራው ነው። ትንፋሹ ያልፈጠነ፣ ደረቱ ያልሰረጎደ ሳል ያለበት ልጅ መድኃኒቱ አይሰጠውም።

ትኩሳት ሲሆን የሚጠረጠረው ወባ ነውና ነገሩ ከከፍታ ጋር ይያያዛል። የዓባይ ምንጭና የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ጠበል ያለበት ግሽ ዓባይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ብርድ የወባ ጥገኛ በትንኝ ሆድ ውስጥ እድገቱን አይጨርስም። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ የቡሬም ከፍታ ከዚያ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ወደ 150,000 ሰው እንደፈጀ የሚገመተው የወባ ወረርሽኝ የበረታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው አገር ነበር፤ ሁለቱም ከተሞች ከዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ የደጋ ልጅ ሲያተኩሰው «በቅርቡ ቆላ ከርማችሁ ነበር?» የሚለው ጥያቄ የምርመራው ክፍል ነው። ለሥራ ወደ መተከል ቆላ ወርዶ የተመለሰ ቤተሰብ ወባን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ከጣት የተወሰደ ጠብታ ደም በፈጣን መመርመሪያ ላይ ይንጠባጠብና ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። መሥመሩ ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዓይነት ካሳየ ኮአርተም፣ ቫይቫክስ የተባለውን ካሳየ ክሎሮኪን የተሰኘው መድኃኒት ይታዘዛል። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር መጣ። መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጠፋባቸው የፋልሲፓረም ጥገኞች አማራ፣ ትግራይና ጋምቤላን ባካተተ ጥናት ተገኙ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። ልጁ ወባ እያለበት መመርመሪያው «የለም» ይላል ማለት ነው። መፍትሔው ሌላ ፕሮቲን የሚለይ መመርመሪያ መጠቀም ነው። መሥመር አልወጣም ተብሎ ትኩሳቱ ያልበረደለትን ልጅ አለመርሳት ደግሞ የባለሙያዋ ድርሻ ነው።

ለተቅማጥ ኦ አር ኤስና ለ10 ቀን የሚሰጥ ዚንክ አለ። ክንድ የሚለካው ባለ ቀለም ጥብጣብ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀዩን ካሳየ ልጁ በጽኑ የምግብ እጥረት ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ማንኛውም ተላላፊ በሽታ ይበረታበታል። ከበሽታ በፊት የሚቀድመው ክትባትም ተጨምሯል፦ የሳንባ ምች እ.ኤ.አ. በ2011፣ የሮታ ቫይረስ በ2013።

ለውጡ ትልቅ ነው። በአገር አቀፍ ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕጻናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 67 ሆነ። ቢሆንም ሁሉንም ለጤና ኬላ መስጠት ልክ አይሆንም። በኦሮሚያ በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ የተካሄደ ትልቅ ግምገማ፣ ሥልጠናውና መድኃኒቱ በነበሩበት ቀበሌ የሞት ቅነሳው ከሌላው ያን ያህል እንዳልተለየ አሳይቷል። ልጆቹን ወደ ጤና ኬላ የሚያመጣቸው ሰው ጥቂት ነበር። በር ላይ ቁልፍ ያገኘች እናት በማግስቱ አትመለስም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የዘለቀው ግጭት ደግሞ የመድኃኒቱንም የታማሚውንም መንገድ አጥብቦታል።

ከሁሉ የሚያሳስበው አራስ ልጅ ነው። እናቱ ከአራስ ቤት አትወጣም፤ ምች እንዳይመታት፣ ሕጻኑም ክርስትና ሳይነሣ ዓይን እንዳያገኘው ይፈራል። ጡት እምቢ ሲል እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ለቆራጭ የሚሰጥበት ቤት አለ፤ ምላጩ ደምና ቁስል ያተርፋል፣ የሕክምናውንም ቀን ይበላል። ጡት እምቢ ማለት ግን በዚህ ዕድሜ የደም መመረዝ ዋና ምልክት ነው፤ በአራስ ልጅ ላይ አንድ ሌሊት ብዙ ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ ቤት ድረስ መሄድ አለባት። ከ2 ወር በታች ላለ ልጅ ወሰኑ 60 ነው፤ የአራስ ትንፋሽ በተፈጥሮው ስለሚዘበራረቅ አንዴ 60 ከደረሰ ሁለተኛ ይቆጠራል። ሆስፒታል መድረስ ለማይችል ቤተሰብ አሞክሳሲሊንና የጄንታማይሲን መርፌ ለ7 ቀን እዚያው ቀበሌ እንዲሰጥ ተፈቅዷል። መርፌው በየቀኑ ነው፤ ስለዚህ ጤና ኬላው እሑድም በበዓልም መከፈት ይኖርበታል።