መድኃኒቱ አለ፤ የት እንዳለ ማን ያውቃል?

«የለም፤ ከውጭ ግዙ።» በመንግሥት ጤና ተቋም የፋርማሲ መስኮት ላይ ይህን መልስ ሰምቶ የማያውቅ ታካሚ ጥቂት ነው። ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ደግሞ መልሱ ይበልጥ ይከብዳል፤ ዓመታዊ መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለው እንዲህ ባለ ቀን እንዳይቸገር ነበር። አቅም ያለው ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል። የሌለው ማዘዣውን አጣጥፎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ መልስ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ ሲሰማ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። በቀድሞው የመናገሻ አውራጃ ምድር ያሉት እነዚህ ከተሞች በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መውጫዎች አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ናቸው። ለአገሪቱ የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት የሚገዛውና የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ዋና መሥሪያ ቤቱ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ነው። ከዚያ ተነስቶ ቡራዩ መግባት በታክሲ የሚያልቅ መንገድ ነው። ስለዚህ እዚህ ርቀትን ሰበብ ማድረግ አይቻልም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የበጀት ማነስና የግዢ መጓተት እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ብዙም የማይወራለት ሌላ ምክንያት ግን አለ፦ ማን ምን ያህል መድኃኒት በእጁ እንዳለ የሚያሳይ መረጃ በሰዓቱ አለመድረሱ። በአንዱ ጤና ጣቢያ መጋዘን የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት ተከምሮ፣ በጎረቤቱ ጤና ጣቢያ ያው መድኃኒት «የለም» ሊባል ይችላል።

የአሁኑ አሠራር መነሻ አዋጅ ቁጥር 553/1999 ነው። የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ የተቋቋመው በዚህ አዋጅ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ስሙ ተቀያይሮ ዛሬ አገልግሎት ተብሏል፤ በየአቅጣጫው 19 ያህል ቅርንጫፎችም አሉት። ቀደም ሲል የኤችአይቪ መድኃኒት በአንድ መስመር፣ የቲቢው በሌላ፣ የወባውና የቤተሰብ ዕቅዱም በየራሳቸው መስመር ይጓዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረውና ባለሙያዎች «አይፒኤልኤስ» የሚሉት የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት መስመሮቹን ወደ አንድ ለማምጣት የተዘረጋ ነው።

የዚህ ሥርዓት ልብ አንድ ቅጽ ነው፤ «አርአርኤፍ» ይባላል። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ ሞልተው ይልኩታል፤ ሪፖርትም ነው፣ ጥያቄም ነው። ስሌቱ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ሁለቱን ወራት በ1,200 ጥቅል አሞክሲሲሊን ቢጀምር፣ በመሐል 800 ቢቀበልና መጨረሻ ላይ 200 ቢቀረው፣ የጠፋና የተበላሸ ከሌለ የሁለት ወር ፍጆታው 1,800 ነው። ተቋሙ ቢበዛ የአራት ወር ክምችት እንዲኖረው ስለሚጠበቅ ጣሪያው የዚህ እጥፍ፣ 3,600 ይሆናል። 200 በእጁ አለ፤ ስለዚህ 3,400 ይጠይቃል።

አሁን በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ መድኃኒቱ ለ15 ቀናት አልቆ ነበር እንበል። 1,800ው የወጣው በ60 ቀን ሳይሆን በ45 ቀን ነው ማለት ነው። ሳይቋረጥ ቢኖር ኖሮ 2,400 ይወጣ ነበር፤ ትክክለኛው ጥያቄም 4,600 ይሆን ነበር። መድኃኒቱ ያልነበረባቸው ቀናት ካልተመዘገቡ የ1,200 ጥቅል ፍላጎት ከወረቀቱ ላይ ይሰወራል። በእነዚያ ቀናት «የለም» ተብለው የተመለሱት ሕሙማን በአገሪቱ የመድኃኒት ግምት ውስጥ አልታመሙም ማለት ነው። በቀጣዩ ዙር የሚላከው መጠን ያንሳል፤ ቶሎ ያልቃል፤ ያልነበረበት ቀን ይረዝማል። ከዚህ ሁሉ ቅጽ አንዲት ዓምድ ብቻ መርጣችሁ ጠብቁ ቢባል መጠበቅ ያለባት መድኃኒቱ ያልነበረባቸው ቀናት የሚመዘገቡባት ናት።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። የጠየቀውን ሙሉ በሙሉ ማግኘት ያቃተው የፋርማሲ ኃላፊ በሚቀጥለው አብዝቶ ይጠይቃል። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አይደለም። አሜሪካዊው ጄይ ፎሬስተር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት፣ በችርቻሮው ጫፍ ያለች ትንሽ የፍላጎት ለውጥ ወደ ፋብሪካው እየወጣች ስትሄድ እንዴት እየገዘፈች እንደምትሄድ አሳይቷል። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያም ይህንኑ በፓምፐርስ ላይ አስተውሏል፤ የሕፃናት ቁጥር ሳይዋዥቅ የትእዛዙ መጠን ክፉኛ ይዋዥቅ ነበር። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው የሚያየው ከበታቹ የመጣውን ትእዛዝ እንጂ የመጨረሻውን ተጠቃሚ ፍጆታ ስላልሆነ በግምት ላይ ግምት ይደረባል። ብዙ መድኃኒት ከውጭ በሚያስገባና ግዢው ወራት በሚፈጅበት አገር የዚህ ግምት ዋጋ ከባድ ነው።

መረጃን ማገናኘት ያስፈለገው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ «ኤችሲሚስ» የተባለ የክምችት መመዝገቢያ ሶፍትዌር በቅርንጫፎችና በጤና ተቋማት ተተከለ። የተቋማቱ ቅጂ ኋላ «ዳጉ» የሚል ስም ወጣለት፤ በአፋር ባህል መንገደኞች ሲገናኙ ወሬ ከሚለዋወጡበት ልማድ የተወሰደ ነው። ለቅርንጫፍ መጋዘኖች «ቪታስ»፣ ለክትባት ደግሞ «ኤምብራና» ተዘረጉ። መድኃኒት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22፣ በመደርደሪያው ላይም በቢን ካርድ የሚመዘገበው ቁጥር ወደ እነዚህ ሲስተሞች ሲገባ ተቋሙ ምን እንዳለው፣ የትኛው ባች የመጠቀሚያ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍበት ቅርንጫፉ ሁለት ወር ሳይጠብቅ ማየት ይችላል። ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ እንዲህ ነው።

በሐሳብና በተግባር መካከል ያለውን ክፍተት በመሙላት ረገድ ጥሩ ትምህርት የሚገኘው ከደብረ ማርቆስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል «ኤፒቲኤስ» የተባለውን፣ የመድኃኒት ግብይትን ለኦዲት ክፍት የሚያደርግ አሠራር ጀመረ። ከዚያ በፊት በብዙ ሆስፒታሎች መድኃኒት ከመጋዘን ወጥቶ ወደ ማደያው ክፍል ከገባ በኋላ ምን እንደሆነ በሰነድ መከታተል አይቻልም ነበር። ቀኑን የተሰበሰበው ብር ይታወቃል፤ የትኛው መድኃኒት፣ ስንት፣ ለማን የሚለው ግን አይታወቅም። አዲሱ አሠራር እያንዳንዱ ሽያጭ በመድኃኒቱ ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ እንዲመዘገብ አደረገ፤ የፋርማሲውን፣ የገንዘብ ያዡንና የሒሳብ ሹሙን ሥራም ለይቶ እርስ በርስ እንዲተያይ አገናኘ። ከዚያ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተስፋፋ። ሥራው የተጀመረው ኮምፒውተር በመግዛት ሳይሆን ማን ምን ላይ እንደሚፈርም በመወሰን ነበር። ይህ ቅደም ተከተል ሊጤን ይገባል፤ የተዘበራረቀ መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ መዘበራረቁ ይፈጥናል እንጂ አይስተካከልም።

ቀጣዩ እርምጃ ባርኮድ ነው። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እያንዳንዱ መድኃኒት ከፋብሪካ እስከ ታካሚ በዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ክትትል እንዲደረግበት የሚያስችል አሠራር መዘርጋት ጀምሯል። በዚሁ መለያ ላይ ያተኮረው የመጀመሪያው የአፍሪካ የጤና ዘርፍ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። ባርኮድ ሐሰተኛ መድኃኒትን ከመለየቱ ሌላ የእጅ ጽሕፈትን ይቀንሳል፤ ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ሲያስተናግድ የዋለ ፋርማሲስት ማታ ቁጥር ሲገለብጥ ስሕተት ቢገባበት አይፈረድበትም።

በመናገሻ ዙሪያ ሥራው የራሱ ፈተና አለው። እነዚህ ከተሞች የቤት ኪራይ ውድነት ከመሐል ከተማ የገፋቸውን፣ ፋብሪካና ግንባታ የሳባቸውን ሰዎች ያለማቋረጥ ይቀበላሉ። ባለፉት ሁለት ወራት ፍጆታ የሚጠየቅ መድኃኒት ገና ነገ ለሚመጣው ነዋሪ አይበቃም። በሌላ በኩል የቡራዩ ሰው ጳውሎስ፣ የሰበታ ሰው አለርት ሆስፒታል ሄዶ ሊታከም ይችላል፤ ፍላጎቱ የሚመዘገበው ከወሰኑ ወዲያ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ሲጠቃለሉ የአስተዳደር እርከኑ ተለውጧል። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ የአንድ ጤና ጣቢያ ስምና መለያ በሁሉም ሲስተም ላይ እኩል ካልተስተካከለ፣ አንዱ ተቋም በሁለት ስም ይቆጠራል ወይም ጭራሹን ይዘነጋል። ጤና ሚኒስቴር የሚያዘጋጀው ብሔራዊ የጤና ተቋማት መዝገብ ተራ ዝርዝር ቢመስልም ሲስተሞች የሚነጋገሩት በእርሱ በኩል ነው።

«ሲስተም የለም» የሚለው መልስም አለ። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ቢን ካርዱ ሥራውን መቀጠል አለበት፤ ሲመለስ ደግሞ የወረቀቱና የኮምፒውተሩ ቁጥር መታረቅ አለበት። የገንዘቡ ጉዳይ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ሲስተሞች የተሠሩት በዩኤስኤአይዲ ድጋፍ ሲሆን፣ ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። ሰርቨር ማደስ፣ ሶፍትዌር ማስተካከልና ባለሙያ ማሠልጠን በመንግሥት በጀት ውስጥ የራሱ መስመር ካላገኘ የተሠራው ሁሉ ቀስ በቀስ ይቆማል።

ከሁሉም በላይ ግን መረጃው ሲታይ እርምጃ የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል። የኤችአይቪና የቲቢ መድኃኒት በነጻ ስለሚታደል ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው ማዛወር ይቀላል። በተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ማለትም መድኃኒት ተሸጦ በሚገኘው ገንዘብ፣ የተገዛው ግን የተቋሙ ገንዘብ ነው፤ ለጎረቤት ሲሰጥ ማን ይፈቅዳል፣ ዋጋውን ማን መቼ ይተካል የሚለው መልስ ይፈልጋል። መልሱ አስቀድሞ ካልተጻፈ ኃላፊው በጉድለት እንዳይጠየቅ ካርቶኑን አቅፎ መቀመጥን ይመርጣል። የሸገር ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤትና የአቅራቢ አገልግሎቱ ቅርንጫፍ የመጠቀሚያ ጊዜው ስድስት ወር የቀረውን መድኃኒት በየወሩ ከሲስተሙ አውጥተው በጋራ ቢያዩ፣ ለዝውውሩም አንድ ገጽ መመሪያ ቢፈራረሙ፣ ለመጀመር አዲስ ሶፍትዌር አያስፈልጋቸውም።