ከበር ላይ ወደ ጓዳ የወረደ ስም

ጠጋ በሉ፤ ይህ ከጃፓን የአኒሜሽን ፊልም ጀርባ ያለ ወሬ ነው። ቶኪዮ ካሉት ስቱዲዮዎች አንዱ ገብታችሁ «ዶጋ የሚሠራው የቱ ነው?» ብትሉ ወደ ዳይሬክተሩ አይመሯችሁም። የሚያሳዩአችሁ አቀርቅሮ የሌላውን ሥዕል መስመር የሚያጠራውን ጀማሪ ነው። ዋናዎቹን ሥዕሎች፣ «ጌንጋ» የሚሏቸውን፣ የበሰለው ሠዓሊ ይሥላቸዋል። እጅ ከተነሣበት እስካረፈበት ያለውን የሚሞላው ግን ዶጋው ነው፤ የሚከፈለውም በአብዛኛው በወረቀት ቁጥር ነው።

ይኸው ቃል አንድ ጊዜ የጥበቡ ሁሉ ስም እንደነበር ስንቱ ያውቃል? ሕዝቡ «ማንጋ ኤይጋ»፣ የካርቱን ፊልም እንደማለት፣ ሲል የአኒሜሽን ሠሪው ኬንዞ ማሳኦካ «ዶጋ» የሚለውን አወጣ፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ማለት ነው። የፊልም ኩባንያው ቶኤይ እ.ኤ.አ. በ1956 የማሳኦካ ባልደረቦች የሠሩበትን ድርጅት ገዝቶ በሩ ላይ የሰቀለው ስም «ቶኤይ ዶጋ» ነበር። በ1958 የጃፓን የመጀመሪያው ባለ ቀለም ረጅም የአኒሜሽን ፊልም የወጣውም ከዚሁ ቤት ነው። ቃሉ ያኔ ክብር ነበረው።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። የኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ» በ1963 ከጀመረ በኋላ ልጆቹ «ቴሬቢ ማንጋ»፣ የቴሌቪዥን ካርቱን፣ አሉት። ልጆቹ አድገው ወጣት ሲሆኑ «አኒሜሽን»ን ቆርጠው «አኒሜ» አደረጉት፤ በ1978 የተጀመረው «አኒሜጅ» መጽሔትም ቃሉን በስሙ ይዞት ወጣ። አሜሪካኖቹ ለጥቂት ዓመታት «ጃፓኒሜሽን» ካሉ በኋላ እነሱም ወደ አኒሜ ዞሩ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ለጃፓኖች የዲዝኒም ፊልም አኒሜ ነው፤ የጃፓን ብቻ ያደረግነው እኛ የውጮቹ ነን። ዳይሬክተሩ ሃያኦ ሚያዛኪ ደግሞ ለገዛ ሥራው ማንጋ ኤይጋ የሚለውን አሮጌ ስም ይመርጥ ነበር። እኔም ደስ ይለኛል፤ የድሮ ሰው ወግ አለበት።

በ1998 ቶኤይም በሩ ላይ ያለውን ስም «ቶኤይ አኒሜሽን» ብሎ ቀየረ። ዛሬ ጃፓናዊ ወጣት ዶጋ ሲል በስልኩ የሚያየውን ማንኛውንም ቪዲዮ ማለቱ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። የማሳኦካ ቃል በቀድሞ ትርጉሙ አጠገብ የቀረው የመሃል ሥዕሎቹን ከሚሠሩት ጋር ብቻ ነው፤ ከነሱም ሥራ ብዙው ወደ ኮሪያ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ቬትናም ይላካል። ፊልሙ አልቆ ስሞቹ ሲያልፉ «ዶጋ» በሚለው ሥር ያለውን ረጅም ረድፍ ፈልጉት። ቶሎ ያልፋል፤ አቁማችሁ አንብቡት።