ጠባሳ ስንት በመቶ ነው?

ከጎንደር ተነሥቶ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን እያለፈ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይገባል። ከደባርቅ ጥቂት አለፍ እንዳለ ወልቀፊት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። በዚህ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ስለ ተራራው ውበት ሳያወራ አይመለስም። እኛ ግን ዛሬ ልናነሣ ያሰብነው ስለ ተራራው አይደለም፤ ከተራራው ሥር እያረሰ ስለሚኖረው ሰውና ጦርነት በገላው ላይ ስለ ጣለበት ጠባሳ ነው።

ይህ አገር ጦርነትን ከሩቅ ሰምቶ አያውቅም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ. ም. የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር፣ ይኸውም ከስሜንና ከወገራ ማሳውን ትቶ የዘመተው ገበሬ፣ ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና የኢጣልያንን ባለ ታንክ ጦር ድል መታ። ሳምንት ያህል ቆይቶ የጠላት አውሮፕላኖች በዚያው ግንባር በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውን መርዝ በበርሚል አወረዱበት፤ ፈሳሹ የነካው እጅ፣ እግርና ፊት ሁሉ ውኃ ቋጥሮ ተላጠ። በ1933 ዓ. ም. ደግሞ ወልቀፊት ላይ መሽጎ የቀረውን የኮሎኔል ጎኔላን ጦር አርበኞችና የእንግሊዝ ሠራዊት ከበው ከርመው በ1934 ዓ. ም. በመስቀል ሰሞን እጁን አሰጡት። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ጦርነቶች ለመዘርዘር ገጹ አይበቃንም። የቅርቡን ብቻ ብንጠቅስ፣ በ2013 ዓ. ም. ክረምት መጨረሻ ውጊያው ዳባት ወረዳ ድረስ በዘለቀ ጊዜ ጠብመንጃውን ይዞ የወጣው ያው ገበሬ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋው ሰው ግን ሳይረሳ መኖሩ ብቻውን አበል አያስገኝለትም። አቤቱታውን ይዞ መሥሪያ ቤት ሲቀርብ ሦስት ጥያቄ ይጠብቀዋል። አገልግለሃልን? የቆሰልኸው በአገልግሎት ላይ ነውን? ቁስሉስ ዛሬ ምን አጎደለብህ? በየትኛውም አገር የጦር ጉዳተኛ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ጥያቄዎቹም ያለ አግባብ የተጠየቁ አይደሉም። ዳሩ ግን ጠባሳ ለሦስቱም ምሉ መልስ አይሰጥም። ሐኪም አይቶ ይህ የጥይት መግቢያ ነው፣ ይህ መውጫው ነው፣ ይህ ደግሞ ቃጠሎ ነው ሊል ይችላል። ቀኑን ግን ሊናገር አይችልም። ጠባሳ አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀልቶና ጠንክሮ ይቆይና ኋላ ይለዝባል፤ ከዚያ በኋላ የአምስት ዓመቱንና የሃያ ዓመቱን በዓይን መለየት ጭንቅ ነው።

እንግዲህ ቀኑን የሚናገረው ወረቀት ነው። ወረቀትም ያለው ደመወዝ የነበረው ሰው ነው። የ1955 ዓ. ም. የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 መደበኛውን ወታደር ከመንግሥት ሠራተኛው ጋር አቅፎ ነበር፤ በ1983 ዓ. ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተንም ለግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው የሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞለታል። በራሱ ስንቅ፣ በራሱ ጠብመንጃ የዘመተው የስሜን ገበሬ ግን በማን የደመወዝ መዝገብ ላይ ይገኛል? ከነጻነት በኋላ ለአርበኞች ሜዳልያና አንድ አንድ ጋሻ መሬት እንዲሰጥ ታዞ ነበር። ይኸም ቢሆን የተሰፈረው ለአርበኝነቱ እንጂ ለቁስሉ አልነበረም።

የጉዳት ካሣው ስሌት ራሱ ከደመወዝ ይነሣል። ደመወዙ ከጉዳቱ መቶኛ ጋር ይባዛል፤ በ2003 ዓ. ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ደግሞ መቶኛው ቢያንስ 10 እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ደመወዙ ባዶ የሆነ ሰው መቶኛው ምንም ቢሆን ውጤቱ ባዶ መሆኑን ለማወቅ የሒሳብ አስተማሪ አያስፈልግም።

መቶኛውንስ ማን ይቈርጠዋል? የሐኪሞች ቦርድ ነው። ቦርዱ እጅ ጎድሎ፣ ዓይን ጠፍቶ ሲያይ አይቸገርም። ጠባሳ ሲያይ ግን «ድኗል» ብሎ ለመጻፍ ይቀናዋል፤ ቁስሉ ገጥሟልና። እንበልና አንድ የዳባት ገበሬ የቦንብ ፍንጣሪ መዳፉን ሰንጥቆት ጠባሳው ጣቶቹን ወደ ውስጥ ጎትቷቸዋል። በክፍሉ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲታይ እጅ አለው፤ ጣቱም አምስት ነው። በሰኔ ወር ግን በተዳፋት ማሳ ላይ በአንድ እጁ ጅራፍ፣ በአንድ እጁ እርፍ መጨበጥ አለበት። እርፍ መጨበጥ ያልቻለ እጅ ለጸሐፊ ምናልባት 5 በመቶ ጉዳት ይሆን ይሆናል፤ ለገብስ አራሽ ግን የእንጀራው መቋረጥ ነው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ነገር ይኸ ነው።

የፊት ጠባሳም አለ። እዚህ ላይ ሕጎቻችን ራሳቸው እርስ በርሳቸው ሲወያዩ ብናይ ደስ ይለን ነበር። የ1996 ዓ. ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 የሰውን መልክ በግልጽ በሚታይ ሁኔታ ማበላሸትን ከከባድ የአካል ጉዳት ይቈጥረዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ሥራ የማያስፈታ ቢሆን እንኳ መልክን ክፉኛ የሚያበላሽ ጉዳት እንደ ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት ተቈጥሮ ካሣ እንዲከፈልበት ያዛል። ፊቱ በፋብሪካ እሳት የተቃጠለ ሰው ይህን አንቀጽ ይጠቅሳል። ፊቱ በጦር ሜዳ የተቃጠለው ግን አይጠቅሰውም፤ አዋጁ ወታደርን አይመለከትምና።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች ደንብ ውስጥ ጠባሳ የራሱ ሠንጠረዥ አለው። የሚያም ወይም ቆዳው እየተገሸለጠ የሚያስቸግር ጠባሳ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ 10፣ ሦስት ወይም አራት ከሆነ 20፣ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ 30 በመቶ ይታሰባል። ለፊትና ለአንገት ስምንት ምልክት ተዘርዝሯል፤ ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር መሙላቱ፣ ከሥሩ ሥጋ ጋር መጣበቁ፣ ቀለሙ መለወጡና የመሳሰለው። አንዱ ምልክት ብቻ ቢገኝ 10 በመቶ፣ ስድስቱ ቢገኙ 80 በመቶ ነው። ሰውን በሴንቲ ሜትር መለካት ጥቂት ያስቃል። ሆኖም የተለካ ነገር በይግባኝ ይከራከሩበታል፤ «ድኗል» የሚለውን ቃል ግን በምን ይከራከሩታል?

ስለ ወረቀትም ቢሆን እ. ኤ. አ. በ1973 በሴይንት ሉዊስ ከተማ በተነሣ እሳት ከ16 ሚሊዮን ያላነሰ የወታደር ፋይል ነድዷል። የአገሩ ሕግ በውጊያ ላይ ቆሰልሁ የሚል ሰው ቃሉ ከውጊያው ሁኔታ ጋር ከተስማማ መዝገብ ባይገኝም እንዲታመን ይፈቅዳል፤ የጓደኛ ምስክርነትም ይቀበላል። በእኛ አገር የርስት ድንበር በሽማግሌ ቃል ሲጸና ኖሯል። የድንበሩ ድንጋይ በምስክር ከታመነ፣ አብሮ የተኰሰ ጎረቤት ስለ ቁስል የሚሰጠው ቃል የማይታመንበት ምክንያት አይታየንም።

ወደ ተከዜው መርዝ እንመለስና፣ አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 60,000 ያህል የራስዋን ወታደሮች ለሰናፍጭ ጋዝ መሞከሪያ አድርጋ ነበር። ነገሩ ምስጢር ነበርና ሰዎቹ ወረቀት አልነበራቸውም። ከ1990 ወዲህ (እ. ኤ. አ.) በወጣው ደንብ ግን መላ ሰውነታቸው ለጋዙ የተጋለጠ ሰዎች ጠባሳና አንዳንድ የቆዳ ነቀርሳ ቢገኝባቸው ከጋዙ እንደ መጣ ተቈጥሮ ይታሰብላቸዋል። ነቀርሳው በከንቱ አልተጨመረም። የድሮ የቃጠሎ ጠባሳ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ይችላል፤ በጠባሳ ላይ የሚወጣውን ክፉ ቁስል ፈረንሳዊው ማርዦለን እ. ኤ. አ. በ1828 ስለ ጻፈበት ሐኪሞች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል። ስለዚህ ጠባሳ ያለቀ ጉዳይ ነው ማለት በሕክምናም አያስኬድም። ኢጣልያ በበኩሏ በጋዝ መጠቀሟን በመንግሥት ደረጃ ያመነችው በ1988 ዓ. ም. ነው፤ በተከዜ የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ያን ጊዜ ሰማንያ ሞልቶታል። ለእርሱ የደረሰለት የለም።

ለዛሬዎቹ ግን ጊዜ አለ። ከደባርቅም ሆነ ከዳባት ለቦርድ የሚላክ ጉዳተኛ ቁስሉ ገና ጥሬ ሳለ የታከመበትን የጤና ጣቢያ ካርድ ቢይዝ፣ አብረውት የነበሩትን ሁለትና ሦስት ሰዎች ቃል ዛሬውኑ በቀበሌው ቢያስጽፍ መልካም ነው። የሚመረምረው ሐኪምም «ጠባሳ አለው» ብሎ ከሚያልፍ ርዝመቱንና ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ቢጽፍ፣ ሲነካ ያመው እንደ ሆነ፣ ከሥሩ ተጣብቆ እንደ ሆነ ቢያመለክት፣ ከዚያም ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቀውና የመጥረቢያ ወይም የአካፋ እጀታ አስጨብጦት ጣቶቹ እስከ የት እንደሚዘጉ ቢያይ፣ ጉዳተኛው ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ የሚያቀርበው ነገር ይኖረዋል።