ሳይጠመቁ መዳን ይቻላል? ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለምን አንድ መልስ የላቸውም?



ጥር ሲገባ በከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል የምንኖር ተማሪዎች ሁሉ የምናየው ነገር አለ። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና ሰሚት ድረስ መንገዱ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያሸበርቃል። የሰፈር ወጣቶች ምንጣፍ ተሸክመው ከታቦቱ ፊት ፊት ይሮጣሉ። ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ማግኘት ይከብዳል። በዚያው ሰሞን ዶርም ውስጥም ክርክር ይነሳል። ኦርቶዶክሱ ጓደኛችን «ያለ ጥምቀት መዳን የለም» ይላል፤ ጴንጤው ጓደኛችን «የሚያድነው እምነት ነው፣ ውኃ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ከእኛም አንዳንዱ ከዩቲዩብ የለቀማትን አንዲት ጥቅስ ይዞ መሀል ይገባል። ጥቅሷን የሚያነሳባት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ጥቅሷ የማትመለከተው ሰው ነው።

ሰው የማያውቀውን እንዳይከተል አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ 36 አስጠንቅቆናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ክርስቲያኖች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡትን መልስ፣ ራሳቸው ቢያነቡት «አዎ፣ የምንለው ይህንኑ ነው» በሚሉት መልክ ለማስረዳት እንሞክራለን። የእኛን አቋም በመጨረሻ እናስቀምጣለን።

በዓሉና ምሥጢሩ አንድ አይደሉም

በቅድሚያ ብዙዎቻችን የምንቀላቅለውን እንለይ። ጥር 11 ቀን በሕዝቡ ላይ የሚረጨው ውኃ ሰውን እንደ አዲስ የሚያጠምቅ አይደለም። ዒሳ (ዐ.ሰ.) በዮርዳኖስ ወንዝ በየሕያ (ዐ.ሰ.)፣ እነሱ ዮሐንስ መጥምቅ በሚሏቸው፣ መጠመቃቸውን የሚያስታውስ በዓልና በረከት ነው። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበውም ይህንኑ በዓል ነው። ስሕተቱ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንኳ በዓሉን ሲያይ ሰዎች በየዓመቱ እንደገና የሚጠመቁ መስሎት ነበር።

ሰውን ክርስቲያን የሚያደርገው ጥምቀት በሕይወት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ነው። «ክርስትና ተነሳ» ሲባል የምንሰማው እሱ ነው። ክርክሩም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መልስ፦ ጥምቀት ልደት ነው

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጥምቀት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ሦስተኛው ነው። ትምህርቱ እንዲህ ይሄዳል፦ አዳም ሲበድል የልጅነት ጸጋውን አጣ፤ ዘሩም ያን ጸጋ አጥቶ ይወለዳል፤ ያ የጠፋው ልጅነት የሚመለሰው ከውኃና ከመንፈስ ዳግም በመወለድ ነው። ዋናው ማስረጃቸው ዮሐንስ ወንጌል 3፥5 ነው፤ ከውኃና ከመንፈስ ያልተወለደ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት እንደማይገባ የሚናገረው ቦታ። ማርቆስ 16፥16ን እና የሐዋርያት ሥራ 2፥38ንም ይጨምራሉ።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ የምትጠመቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀኖቹን ከኦሪት ዘሌዋውያን 12 እና መጽሐፈ ኩፋሌ አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ስለገቡባቸው ቀናት ከሚተርከው ጋር ያያይዟቸዋል። ሕፃኑ «አምናለሁ» ማለት ስለማይችል የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ እሱ ቃል ይገባሉ። ከጥምቀቱ በኋላ ሜሮን ይቀባል፣ በዚያው ዕለትም ይቆርባል። ሕፃኑ ታሞ ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ ቀኑ ሳይጠበቅ እንዲጠመቅ ይደረጋል። ይህ ጥድፊያ ብቻውን ጥምቀትን ምን ያህል ግድ አድርገው እንደሚያዩት ይነግረናል።

ይሁን እንጂ «ኦርቶዶክሶች የተጠመቀ ሁሉ ጀነት ይገባል ይላሉ» ብለን ብናወራ እንዋሽባቸዋለን። በእነሱ ትምህርት ጥምቀት በር ነው፤ ከበሩ በኋላ እምነት፣ ንስሐ፣ ቁርባንና በጎ ሥራ ይጠበቃሉ። ግድ ነው ማለት ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም።

የካቶሊክ መልስ፦ ግድ ነው፣ አላህ ግን አይታሰርበትም

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ሕፃናትን ታጠምቃለች፣ ጥምቀትም ለመዳን አስፈላጊ ነው ትላለች። ይሁንና ከውኃው ጥምቀት ሌላ ሁለት መንገዶችን ትቆጥራለች፦ ስለ እምነቱ የተገደለ ሰው «የደም ጥምቀት»፣ ሊጠመቅ ፈልጎ ሞት የቀደመው ደግሞ «የምኞት ጥምቀት» አገኘ ትላለች። ሳይጠመቁ ስለሞቱ ሕፃናት ብዙ ዘመን ስትከራከር ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2007 የቫቲካን የሥነ መለኮት ኮሚሽን ባወጣው ሰነድ ስለ እነዚህ ሕፃናት መዳን ተስፋ ለማድረግ ምክንያት አለ ብሏል። አገላለጹን ልብ በሉ፤ ተስፋ አለ አለ እንጂ እርግጥ ነው አላለም።

የወንጌላውያን መልስ፦ ጥምቀት ምስክርነት ነው

«ጴንጤ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ያላቸው እየመሰለን እንሳሳታለን። ቢያንስ ሦስት መልሶች አሏቸው።

አንደኛ፣ መካነ ኢየሱስ። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተች፣ የማርቲን ሉተርን ትምህርት የምትከተል ናት። ሕፃናትን ታጠምቃለች። ሉተር ጥምቀትን የሰው ሳይሆን የፈጣሪ ሥራ አድርጎ ነው የሚያየው። በዚህ መስመር የሚያስኮንነው ጥምቀትን ማጣት ሳይሆን መናቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ቃለ ሕይወት፣ ሙሉ ወንጌልና መሠረተ ክርስቶስ። እነዚህ የሚያጠምቁት ነፍስ ያወቀ፣ ራሱ ያመነ ሰውን ነው፤ ያም ተምሮ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ ይወጣል። በእነሱ ዘንድ ሰው የሚድነው በእምነት ነው፤ ጥምቀት ደግሞ የዳነ ሰው በሰው ፊት የሚሰጠው ምስክርነትና የትእዛዝ መፈጸሚያ ነው። ኤፌሶን 2፥8–9ን ይጠቅሳሉ። በሐዋርያት ሥራ 10 ቆርኔሌዎስና ቤተሰቡ ገና ሳይጠመቁ መንፈስ ቅዱስ ወረደባቸው የሚለውንም ያነሳሉ። ይህ አቋም በታሪክ ደም የፈሰሰበት ነው። የመሠረተ ክርስቶስ ሚሲዮናውያን የመጡበት ወገን እ.ኤ.አ. በ1525 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ሰዎች አምነው እንደገና ሲጠመቁ የተጀመረ ነው። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ፌሊክስ ማንዝ በ1527 በዚያችው ከተማ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ እንዲሞት ተፈረደበት።

ሦስተኛ፣ በተለምዶ «ኦንሊ ጂሰስ» የሚባሉት። እነዚህ በሐዋርያት ሥራ 2፥38 ላይ ተመሥርተው በኢየሱስ ስም መጠመቅን ከመዳን ጋር አጥብቀው ያያይዙታል። ስለዚህ «ጴንጤ ሁሉ ጥምቀትን አቅልሎ ያያል» ማለትም ትክክል አይደለም።

በአገራችን ክርክሩ የሚመረው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባናል። በ40 ቀኑ የተጠመቀ ልጅ አድጎ ቸርች ገብቶ እንደገና ሲጠመቅ፣ ቸርቹ «የመጀመሪያው ጥምቀት አልነበረም» ይላል። የኦርቶዶክስ ቤተሰቡ ግን በጸሎተ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀትን የሚመሰክር ነውና ልጁ እናቱን የካደ ያህል ይሰማዋል። የቆየ ቁስልም አለው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያኑ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ቀሳውስቱም እንደገና እንዲሾሙ ማድረጉ ካስነሱት ቁጣዎች አንዱ ነበር። ነገሩ በእርስ በርስ ጦርነት አልፎ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ በመልቀቅ ተቋጨ።

ሁሉም የሚመለሱበት ሰው

በእነሱ መጽሐፍ በሉቃስ 23 ላይ ከዒሳ ጎን እንደተሰቀለ የሚተረከው ወንበዴ አለ። እኛ በሱረቱን ኒሳእ 157 መሠረት ዒሳ (ዐ.ሰ.) አልተሰቀሉም እንላለን፤ እዚህ ግን የእነሱን ንግግር እየተከታተልን ነው። ሰውዬው በመጨረሻ ሰዓቱ አመነ፣ ገነትም ተስፋ ተሰጠው፤ ተጠመቀ ግን አልተባለም። ወንጌላውያኑ «ይኸው፣ ያለ ጥምቀት ዳነ» ይላሉ። ከኦርቶዶክስ ወገን ከሚሰጡት መልሶች አንዱ የጥምቀት ትእዛዝ የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው የሚል ነው፤ ሌላው ደግሞ ከጎኑ የፈሰሰው ውኃና ደም ጥምቀት ሆነለት ይላል። ካቶሊኩ ምኞቱ ጥምቀት ሆነለት ሊል ይችላል። አንድ ሰው፣ አንድ ታሪክ፣ ሦስት መልስ። ልዩነቱ የመጣው ሁሉም ውኃው ምን ይሠራል ብለው ከሚያምኑት ነው።

ውኃ ያለ እምነት፦ የወሎ ትምህርት

ይህ ጥያቄ የሌሎች ብቻ አይደለም፤ በእኛ አያቶች ላይም ደርሷል። በ1870 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1878) በወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ከተካሄደው ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ። የወሎው መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። እንደ ሸኽ ጠልሓ ቢን ጀዕፈር ያሉት ደግሞ ተቃውመው ተነሱ። ብዙው ሕዝብ ቀን ማተብ አስሮ ሌሊት እየሰገደ ዘመኑን አሳለፈ። ዛሬ ወሎ ላይ አዛን መሰማቱ ያ ውኃ ልብ ጋ እንዳልደረሰ ምስክር ነው። በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ ሱረቱል በቀራ 256 ያስተምረናል። ማንኛውም ሐቀኛ ክርስቲያን ጓደኛችንም፣ ያላመነ አዋቂ በግድ ውኃ ቢፈስበት ዳነ አይልም። በዚህ ነጥብ ላይ ከእነሱ ጋር አንለያይም።

እኛስ ምን እንላለን?

በሱረቱል በቀራ 138 «ሲብገተላህ»፣ የአላህ ቀለም ወይም መንከሪያ የሚል አገላለጽ አለ። ሙፈሲሮች ይህን አንቀጽ ሲያብራሩ ክርስቲያኖች ልጆቻቸውን «መዕሙዲያ» በሚሉት ውኃ መንከራቸውን ይጠቅሳሉ። ለእኛ የአላህ መንከሪያ ዲኑ ራሱ ነው። አደም (ዐ.ሰ.) ተጸጸቱ፣ አላህም ተውበታቸውን ተቀበለ (አል በቀራ 37)፤ ማንም ነፍስ የሌላውን ሸክም አትሸከምም (አል አንዓም 164)። በሐዲስም ልጅ ሁሉ በፊጥራ ላይ እንደሚወለድ ተነግሮናል። በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ የምናርደው ለምስጋና እንጂ ሕፃኑን ከአንዳች ነገር ለማዳን አይደለም።

እኛም ጋ ውኃ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀይስ ኢብኑ ዓሲም ሲሰልሙ በውኃና በሲድር እንዲታጠቡ አዘዋቸዋል። ከዚህ ተነስተው የማሊኪና የሐንበሊ ዑለማዎች ለሰለመ ሰው ጉስል ግዴታ ነው ሲሉ፣ ሻፊዒዎችና ሐነፊዎች ጀናባ ከሌለበት የተወደደ ነው ይላሉ። ነገር ግን ሰውየውን ሙስሊም የሚያደርገው ሸሃዳው ነው፤ በዚህ ላይ ልዩነት የለም። በኡሑድ ቀን ሰልመው ወዲያው የተገደሉት ዐምር ኢብኑ ሣቢት (ኡሰይሪም) አንዲት ሶላት እንኳ ሳይሰግዱ ጀነት መግባታቸው ተነግሯል።

እንግዲህ ከክርስቲያኖች ጋር ያለን ልዩነት ከውኃው በፊት ይጀምራል፦ ሰው ሲወለድ የሚታጠብ ነገር ይዞ ይወለዳል ወይ? ንግግራችንን ከዚህ ጥያቄ ብንጀምር ከጥቅስ መወራወር እንድናለን።

ሦስት ምክሮች

1. ጓደኛችሁን መጀመሪያ ጠይቁት፦ «በእናንተ ዘንድ ጥምቀት ምን ያደርጋል?» የኦርቶዶክሱን ጥቅስ ለቃለ ሕይወቱ፣ የቃለ ሕይወቱን ለኦርቶዶክሱ አታንሱ።

2. በሁለት ክርስቲያኖች ጠብ መካከል እሳት አታቀጣጥሉ። የመጽሐፉን ሰዎች ባማረ መንገድ እንጂ እንዳንከራከር ታዘናል (አል ዐንከቡት 46)።

3. ከሁሉ በላይ፣ ክርስትና ሳይነሳ ሕፃን የሞተበት ጎረቤት ቤት ለቅሶ ስትደርሱ ክርክሩን ከደጅ ተዉት። ያቺ እናት «ልጄ የት ይሆን?» እያለች ሌሊቱን የምታድር ልትሆን ትችላለች። በእኛ እምነት ሕፃን ኃጢአት የለበትም። ብትጠይቀን ይህን በለሰለሰ ቃል እንነግራታለን፤ ካልጠየቀችን ግን አጠገቧ ቁጭ ብለን ማስተዛዘን ይበቃል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።